ቅርፊቱን የማይከፍት ቫይረስ

ሕዋስ በአርኤንኤ የተሞላ ነው። ከዲኤንኤ እየተቀዳ የሚወጣው መልእክት አርኤንኤ ነው፤ አሚኖ አሲድ ተሸክሞ የሚመላለሰውም አርኤንኤ ነው፤ ፕሮቲን የሚሠራው ራይቦዞም ራሱ አብዛኛው አካሉ አርኤንኤ ነው። ይሁንና ይህ ሁሉ በነጠላ ሰንሰለት የተሠራ ነው። እዚህም እዚያም በራሱ ላይ እየተጣጠፈ አጫጭር ጥንድ ክፍሎች ይፈጥር ይሆናል እንጂ፣ ከዳር እስከ ዳር ሁለት ሆኖ የተገመደ ረጅም አርኤንኤ በጤነኛ ሕዋስ ውስጥ እምብዛም አይገኝም። በገፍ ሲገኝ ቫይረስ እየተራባ ለመሆኑ ምልክት ነው።

ሕዋሱም በዚህ ምልክት ይጠቀማል። ኤምዲኤ5 እና ሪግ-አይ የሚባሉ ፕሮቲኖች በሕዋሱ ፈሳሽ ውስጥ ይህንኑ ሲፈልጉ ይኖራሉ። ድርብ አርኤንኤ ሲያገኙ ይይዙትና ወሬውን ያስተላልፋሉ፤ ሕዋሱም ኢንተርፌሮን የተባለውን ፕሮቲን ወደ ውጭ ይረጫል። ጎረቤት ሕዋሳት ኢንተርፌሮኑ ሲደርሳቸው ገና ቫይረሱን ሳያዩ ይዘጋጃሉ። ፒኬአር የሚባል ሌላ ጠባቂ ድርብ አርኤንኤ ሲነካው የፕሮቲን ምርትን በሙሉ ያስቆማል። ሌላኛው ደግሞ ያገኘውን አርኤንኤ፣ የራሱን የሕዋሱንም ጭምር፣ የሚቆራርጥ ኢንዛይም ይቀሰቅሳል። ሕዋሱ ቫይረሱን ከሚያራባ ሥራውን አቁሞ መሞትን ይመርጣል።

እንግዲህ የዘር ውርሱን በዚሁ በተጠላው መልክ፣ በድርብ አርኤንኤ ጽፎ የሚዞር ቫይረስ አለ ብንባል ማመን ይከብዳል። ግን አለ፤ ያውም አንድና ሁለት አይደለም። የሪኦቫይረስ ቤተሰብ ተብለው ለረጅም ዘመን ይጠሩ የነበሩት፣ ዛሬ ሴዶሪኦቪሪዴ እና ስፓይናሪኦቪሪዴ ተብለው በሁለት ቤተሰብ የተከፈሉት ቫይረሶች በሰው፣ በከብት፣ በፈረስ፣ በበግ፣ በዶሮ፣ በዓሣ፣ በነፍሳት፣ በተክልና በፈንገስ ሳይቀር ይገኛሉ። ሕፃናትን በተቅማጥ የሚያሰቃየው ሮታቫይረስ ከእነርሱ ወገን ነው። በጎችን የሚያጠቃው የብሉታንግ ቫይረስና ፈረስን በሰዓታት ውስጥ የሚጥለው የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ቫይረስም እንዲሁ። የእነዚህን ሁሉ ቫይረሶች አኗኗር ለመረዳት አንድ ጥያቄ ይዞ መነሳት ይበቃል ብዬ አምናለሁ፦ ሕዋሱ ገና ሲያየው የሚደነግጥበትን ነገር ይዞ ሕዋስ ውስጥ መኖር እንዴት ተቻለ?

ታሪኩ የሚጀምረው ከምንም በሽታ ጋር ሊያያዙ ባልቻሉ ቫይረሶች ነው። በአፍ የሚሰጠውን የፖሊዮ ክትባት የሠራው አልበርት ሳቢን በ1959 በመተንፈሻ አካልና በአንጀት ውስጥ የሚገኙ፣ ግን ይህ ነው የሚባል ሕመም ያልተገኘላቸውን ቫይረሶች ለብቻ ለይቶ ሪኦቫይረስ አላቸው። በ1963 ደግሞ ፒተር ጎማቶስና ኢጎር ታም የእነዚህ ቫይረሶች ዘረመል ባለ ሁለት ሰንሰለት አርኤንኤ መሆኑን አሳዩ። ድርብ ሰንሰለት የዲኤንኤ መለያ ነው ይባል በነበረበት ዘመን ይህ እንግዳ ግኝት ነበር። ኢንተርፌሮን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1957፣ በአይዛክስና በሊንደንማን ተገኝቷል፤ ሕዋስ ኢንተርፌሮን እንዲረጭ የሚያደርገው ግን ምን እንደሆነ አልታወቀም ነበር። መልሱ በ1967 ከሞሪስ ሂልማን ቡድን መጣ። ቀስቃሹ ድርብ አርኤንኤ ነበር። ቡድኑ ከሞከራቸው ናሙናዎች አንዱ ከሪኦቫይረስ ቅርፊት ተጠርጎ የወጣ አርኤንኤ ነው፤ ራቁቱን ለሕዋስ ሲሰጥ ኢንተርፌሮን አስነሳ። ያው አርኤንኤ በቅርፊቱ ውስጥ እንዳለ ሲገባ ግን ቫይረሱ ሥራውን ጀምሮ ይራባል። ስለዚህ ምስጢሩን ከቅርፊቱ መፈለግ ያስፈልጋል።

አብዛኞቹ ቫይረሶች ሕዋስ ውስጥ ሲገቡ ይራቆታሉ። ቅርፊታቸው ይፈርሳል፣ ዘረመላቸው ወደ ፈሳሹ ይለቀቃል፣ ሥራው ከዚያ ይቀጥላል። የሪኦቫይረስ ወገኖች ይህን አያደርጉም። ሮታቫይረስን እንውሰድ። ሦስት ሽፋን አለው። የውጭኛው ቪፒ7 ከተባለ ፕሮቲን የተሠራ ሲሆን፣ ከላዩ ላይ ቪፒ4 የሚባሉ 60 እሾሆች ቆመውበታል። መካከለኛው ሽፋን ከ780 የቪፒ6 ቅጂዎች፣ የውስጠኛው ደግሞ ከ120 የቪፒ2 ቅጂዎች ተገጣጥሟል። በዚያ ውስጠኛ ክፍል የዘረመሉ 11 ቁራጮች ተጠቅልለዋል። በአንድ ላይ ወደ 18,500 ጥንድ ፊደላት ይሆናሉ፤ ጫፍ ለጫፍ ቢቀጠሉ ርዝመታቸው ከሚኖሩበት ቅርፊት ወርድ ወደ መቶ እጥፍ ገደማ ነው።

ቫይረሱ ትንሹ አንጀት ሲደርስ ምግብ ለመፍጨት የተሰማራው ትራይፕሲን የተባለ ኢንዛይም እሾሆቹን ይሰነጥቃቸዋል፤ ቫይረሱ ይጎዳል ሲባል ይልቁንም ለመግባት ብቁ ይሆናል። የአንጀቱን ጣት መሰል ጉጦች ጫፍ ከሸፈኑት ሕዋሳት በአንዱ ይገባል። የውጭኛው ሽፋን ተያይዞ የሚቆመው በካልሲየም ነው፤ ሕዋስ ውስጥ ደግሞ ካልሲየም እጅግ አነስተኛ ስለሆነ ሽፋኑ ይረግፋል። ሁለቱ የውስጥ ሽፋኖች ግን እንደተዘጉ ይቀራሉ። እዚህ ላይ ነው ይህን ቫይረስ ከሌላው የሚለየው ነገር የሚታየው። ቅርፊቱ የሕትመት ፊደሉን ለማንም አሳልፎ የማይሰጥ፣ የታተመውን ወረቀት ብቻ በመስኮት የሚያወጣ ማተሚያ ቤት ይሆናል። ቅርፊቱ 12 ማዕዘኖች አሉት። በየማዕዘኑ ውስጠኛ ጎን ቪፒ1 የተባለው ቀጂ ኢንዛይም ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ የዘረመል ቁራጭም የራሱ ቀጂ አለው። ጥሬ ዕቃው፣ ማለትም የአርኤንኤ ፊደላት፣ ከውጭ በቀጫጭን ቀዳዳዎች ይገባል። ቀጂው የድርቡን ሰንሰለት ለአፍታ ከፍቶ አንዱን ጎን ያነብባል፣ አዲስ ነጠላ ሰንሰለት ይሠራል፣ ድርቡን መልሶ ይዘጋዋል። ቪፒ3 የሚባለው ጓደኛው የአዲሱን ሰንሰለት ራስ ልክ እንደ ሕዋሱ መልእክት አድርጎ ይሸፍነዋል። ከዚያ ነጠላው ሰንሰለት በማዕዘኑ ቀዳዳ ተስቦ ወደ ሕዋሱ ፈሳሽ ይወጣል። ያ ሁሉ የጥበቃ ፕሮቲን የሚያየው ነጠላ፣ ራሱ የተሸፈነ፣ የቤቱን መልእክት የሚመስል አርኤንኤ ብቻ ነው።

በ1998 በኦክስፎርድ ዴቪድ ስቱዋርትና ባልደረቦቹ፣ ከቫይረስ ተመራማሪዋ ፖሊ ሮይ ጋር ሆነው፣ የብሉታንግ ቫይረስን ውስጠኛ ቅርፊት በኤክስሬይ አጥንተው የአቶሞችን አቀማመጥ ለመለየት በሚያስችል ዝርዝር አሳይተዋል። በዚያ ዘመን ይህን ያህል ግዙፍ ነገር በዚያ ጥራት አይቶ የሚያውቅ አልነበረም። በዚሁ ቅርፊት ላይ በተከታታይ በተሠራው ጥናት ድርብ አርኤንኤው በውስጥ በኩል ሥርዓት ባላቸው ተደራራቢ ክቦች ተጠቅልሎ ታየ። ያን ያህል ተጨናንቆ እያለ የብሉታንግ ዘረመል አሥሩ ቁራጮች በአንድ ጊዜ ሲነበቡ አለመወሳሰባቸው ዛሬም ያስደንቀኛል።

መባዛቱም በዚሁ ደንብ ይሄዳል። የወጡት ነጠላ ሰንሰለቶች መጀመሪያ ፕሮቲን ያሠራሉ። የሕዋሱ መልእክት በጅራቱ በኩል ረጅም የአዴኒን ተርታ ሲኖረው የቫይረሱ ግን የለውም፤ ስለዚህ ኤንኤስፒ3 የተባለ የቫይረሱ ፕሮቲን ያን ጅራት የሚይዘውን የሕዋሱን ሠራተኛ ገፍቶ ቦታውን ይወስዳል፣ ራይቦዞሙም ፊቱን ወደ ቫይረሱ መልእክት ያዞራል። በኋላ ነጠላዎቹ ሰንሰለቶች ቫይሮፕላዝም በሚባሉ ቫይረሱ ራሱ በሚያቋቁማቸው ጥጎች ይሰበሰባሉ። ከ11ዱ አንድ አንድ ተመርጦ አዲስ በሚገጣጠም ቅርፊት ውስጥ ይገባል፤ ቁራጮቹ እርስ በርስ በፊደላቸው እየተያያዙ ይተዋወቃሉ። ሁለተኛው ሰንሰለት የሚሠራው በዚያ ውስጥ ነው። ድርብ አርኤንኤ ከቅርፊት ውጭ አልተወለደም፣ ከቅርፊት ውጭም አይታይም።

እርግጥ ፍጹም የሆነ መደበቂያ የለም። የተሰበረ ቅርፊት ይኖራል፣ በስህተት ያፈተለከ ይኖራል፤ ሕዋሱ ሮታቫይረስን በኤምዲኤ5 እና በሪግ-አይ እንደሚያውቀው በሙከራ ተረጋግጧል። ለዚህም ቫይረሱ ኤንኤስፒ1 የሚባል ፕሮቲን አዘጋጅቷል፤ ከጠባቂዎቹ እስከ ኢንተርፌሮን ባለው የወሬ መንገድ ላይ ያሉትን አስተላላፊዎች እንዲጠፉ ያደርጋል።

ይህ ሁሉ ብልሃት በአንድ ሕፃን ሆድ ውስጥ ሲሠራ ምን እንደሚመስል እናቶች ያውቁታል። መጀመሪያ ትውከት፣ ከዚያ ትኩሳትና እንደ ውሃ የሚፈስ ተቅማጥ፤ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ የሕፃኑ ዓይን ይሰረጉዳል፣ እንባው ይደርቃል፣ አናቱ ላይ ያለው እርግብግቢት ይጎደጉዳል። ለብዙ ዘመን የዚህ ተቅማጥ መንስኤ አይታወቅም ነበር። በ1973 ሩት ቢሾፕና ባልደረቦቿ ሜልበርን በሚገኘው የሕፃናት ሆስፒታል ከታመሙ ሕፃናት ትንሹ አንጀት የተወሰደ ቅንጣቢ ሥጋ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያዩ የመንኮራኩር ቅርጽ ያላቸው ቅንጣቶች ሕዋሱን ሞልተውት አገኙ። በአይጥና በጥጃ ላይ ተመሳሳይ ቫይረሶች ከዚያ ቀደም ታይተው ነበር።

ተቅማጡ የሚመጣው አንጀቱ ስለቆሰለ ብቻ አይደለም። ኤንኤስፒ4 የተባለው የቫይረሱ ፕሮቲን እንደ መርዝ ሆኖ በአንጀት ሕዋሳት ውስጥ ካልሲየምን ከፍ ያደርጋል፤ ክሎራይድ ወደ አንጀቱ ክፍተት ይፈስሳል፣ ውሃም ይከተለዋል። የአንጀት ነርቮችም ይቀሰቀሳሉ። በዚህ መሐል ስኳርና ሶዲየምን አንድ ላይ ወደ ሰውነት የሚያስገባው በር በበቂ መጠን ሥራ ላይ ይቆያል። በውሃ ተበጥብጦ የሚሰጠው የጨውና የስኳር ድብልቅ፣ ኦአርኤስ፣ ሕይወት የሚያድነው በዚህ በር በኩል ነው፤ ጨውና ስኳሩ ሲገቡ ውሃውን ይዘውት ይገባሉ። ልጁ ቢያስመልስም በማንኪያ፣ ቀስ እያሉ፣ ሳይሰለቹ መስጠት ያስፈልጋል። ተቅማጡ እስኪቆም ፈሳሽ ይከልከል የሚለው ምክር አሁንም እዚህም እዚያም ይሰማል፤ ይህ ምክር ልጅ ይገድላል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለ2008 ባወጣው ግምት ሮታቫይረስ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ወደ 453,000 ሕፃናትን ገድሏል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በአምስት አገሮች ነበሩ፣ ከአምስቱም አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። በኅዳር 2013 በአውሮፓ አቆጣጠር ኢትዮጵያ የሮታ ክትባትን በመደበኛው ፕሮግራም አስገባች። በ6ኛውና በ10ኛው ሳምንት በአፍ የሚሰጥ ጠብታ ነው፤ መርፌ የለውም። የታመመ ልጅ በአንድ ግራም ሰገራው ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠር ቫይረስ ያወጣል፣ ሌላውን ልጅ ለማስያዝ ግን ጥቂት ቅንጣቶች ይበቃሉ። የእጅ መታጠብ ብዙ ተቅማጦችን ሲቀንስ ሮታቫይረስን ግን ንጹሕ ውሃ ባላቸው ሀብታም አገሮችም ማስቆም ያልቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ክትባቱ ምትክ የለውም ስል በእርግጠኝነት ነው።

አሁን ከአንጀት ወደ ጋሪ ፈረስ እንሂድ። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ቫይረስ የሮታቫይረስ ዘመድ ነው። አሥር ቁራጮች አሉት፣ ቅርፊቱም በዚያው ደንብ ይሠራል። መንገዱ ግን ሌላ ነው። ከፈረስ ወደ ፈረስ በንክኪ አይተላለፍም፤ ኩሊኮይድስ የምትባል፣ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የምትረዝም ትንኝ ታደርሰዋለች። እርጥብ አፈርና ፍግ ባለበት ትራባለች፣ ከምሽት እስከ ንጋት ትነክሳለች። የትንኝዋ የሆድ ኢንዛይሞች የቫይረሱን ውጫዊ ሽፋን ቢገፉትም ነገሩ አያበቃም፤ የቀረው ቅርፊት ራሱ የነፍሳትን ሕዋስ በደንብ መያዝ ይችላል። ነፍሳትም ድርብ አርኤንኤን እየፈለገ የሚከትፍ የራሳቸው መከላከያ አላቸው፣ የተዘጋው ቅርፊት ግን እዚያም ያገለግላል። አየሩ ከ15 ዲግሪ ገደማ በታች ሲወርድ በትንኝዋ ውስጥ መራባቱ ይቆማል። ክረምቱ ወጥቶ ምድር ገና እርጥብ ሳለች ፀሐይ ስትሞቅ ለቫይረሱም ለትንኝዋም ይመቻቸዋል።

ሳንባ የሚይዘው ዓይነት ሲመጣ፣ ትናንት ጋሪ ሲስብ የዋለ፣ መኖውንም ያልተወ ፈረስ በድንገት የፊት እግሮቹን አራርቆ፣ አንገቱን ወደፊት ዘርግቶ፣ አፍንጫውን በሰፊው ከፍቶ ሲያቃስት ይታያል። ላብ ያጠምቀዋል። ቫይረሱ የሚያጠቃው የደም ሥሮችን ውስጠኛ ልባስ ስለሆነ ፈሳሹ ከሥሮቹ እየሾለከ ሳንባውን ይሞላዋል፤ መጨረሻ ላይ ነጭ አረፋ በአፍንጫው ይወርዳል፣ በሰዓታት ውስጥም ይወድቃል። በዚህ ዓይነት ከተያዙት እስከ 95 በመቶ የሚሆኑት ይሞታሉ። ልብን የሚይዘው ዓይነት ትንሽ ይዘገያል። ባለ ጋሪዎች ሊያውቁት የሚገባው ምልክት ከዓይን በላይ ያለው ጎድጓዳ ስፍራ ማበጡ ነው፤ በጤነኛ ፈረስ ሥርጉድ ያለው ቦታ ሞልቶ ወደ ውጭ ይገፋል። አህያ ብዙ ጊዜ ቀለል ብሎት ያልፋል። የሜዳ አህያ ደግሞ ቫይረሱን በደሙ ይዞ ለሳምንታት ሲዞር ምንም አይታይበትም።

ይህ ቫይረስ በአፍሪካም፣ ከአፍሪካ ሲወጣም ያደረገው ጥፋት የተጻፈ ነው። በደቡብ አፍሪካ ኬፕ በ1854 እና 1855 ወደ 70,000 ፈረሶች አልቀዋል። ከ1959 እስከ 1961 ከመካከለኛው ምሥራቅ እስከ ሕንድ ድረስ ተዛምቶ ከ300,000 በላይ ፈረሶችን፣ በቅሎዎችንና አህዮችን ገደለ። በ1987 ከናሚቢያ ወደ ማድሪድ አካባቢ ለመናፈሻ በተወሰዱ የሜዳ አህዮች ስፔን ገባ፤ በ2020 ደግሞ ታይላንድ ደረሰ። ትንኝ አስተላላፊ መሆኗን ዱ ቶይት በ1944 በደቡብ አፍሪካ ነው ያሳየው። በእኛ አገር በሽታው እንግዳ አይደለም፤ ነባር ነው። ፈረሱን በዚህ ያጣ ባለ ጋሪ የዕለት ገቢውን አብሮ ያጣል፣ በምትኩ ሌላ ለመግዛትም ብዙ ጊዜ አቅም የለውም።

ቫይረሱ 9 ዓይነት አለው። የሚለያዩት በአንድ የውጭ ፕሮቲን፣ በቪፒ2፣ ነው፤ አንዱን የለመደ ፈረስ ሌላው ሊጥለው ይችላል። ቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት በኢትዮጵያ በብዛት የታየውን ዓይነት 9 የሚከላከል ክትባት ከተዳከመ ሕያው ቫይረስ ያመርታል። ሌሎች ዓይነቶችም በአገሪቱ መገኘታቸው ግን ተመዝግቧል፤ በአንድ ዓይነት ላይ የቆመ መከላከያ ሁሉንም ሊሸፍን አይችልም።

የዘረመሉ በቁራጭ መከፋፈል ትርጉሙ የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው። ሁለት የተለያዩ ዘመዳማ ቫይረሶች አንድ ሕዋስ ውስጥ ሲገናኙ የሚወጡት ነጠላ ሰንሰለቶች በአንድ ጥግ ይቀላቀላሉ። አዲሱ ቅርፊት ከእያንዳንዱ ቁራጭ አንድ እስካገኘ ድረስ ከየትኛው ወላጅ እንደመጣ አይለይም። የአንዱን ውጫዊ ልብስ ከሌላው ውስጣዊ አካል ጋር ያጣመረ ቫይረስ በአንድ ትውልድ ይወለዳል። ሳይንቲስቶች ይህንኑ ተጠቅመውበታል፤ ሮታቴክ የተባለው ክትባት በ1981 በፔንሲልቬንያ ከአንድ ጥጃ የተገኘ ሮታቫይረስ የሰውን ሮታቫይረስ የውጭ ፕሮቲኖች እንዲለብስ ተደርጎ የተሠራ ነው። የጥጃው ቫይረስ ሕፃንን አያሳምምም፣ የለበሰው ግን የሕፃኑን መከላከያ ያስተምራል። በደቡብ አፍሪካ የሆነው ተቃራኒው ነው። በ2004፣ በ2011ና በ2014 በዌስተርን ኬፕ በቁጥጥር ሥር ባለው አካባቢ የተነሱት የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ወረርሽኞች የመጡት የፈረስ ክትባቱ የተዳከሙ ቫይረሶች ቁራጭ ተለዋውጠው ወይም ኃይላቸውን መልሰው ካገኙ ዘሮች እንደሆነ የዘረመል ምርመራ አሳይቷል። ይህን የምጽፈው ማንም ፈረሱን ከማስከተብ እንዲቆጠብ አይደለም፤ በነባር አካባቢ ያልተከተበ ፈረስ የሚጠብቀው አደጋ ከዚህ በእጅጉ ይበልጣል። የተሻለ ክትባት ለምን እንደሚፈለግ ግን ያሳያል።

ያን ክትባት ለመሥራት ቫይረሱን እንደፈለጉ ማረም መቻል ያስፈልግ ነበር፤ ድርብ አርኤንኤ ደግሞ ለዚህ አስቸጋሪ ነው። ከቅርፊቱ አውጥተው ወደ ሕዋስ ቢከቱት አንባቢ የለውም፣ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው። መንገዱ የተገኘው ቫይረሱ ራሱ በሚሄድበት በኩል ነው። በ2008 የፖሊ ሮይ ቡድን የብሉታንግን አሥር ነጠላ ሰንሰለቶች በቤተ ሙከራ ሠርቶ ወደ ሕዋስ ሲያስገባ ሕዋሱ ሙሉ ሕያው ቫይረስ ሰጠ። ሁለተኛውን ሰንሰለት ቫይረሱ እንደ ልማዱ በቅርፊት ውስጥ ራሱ ሠራው። ለሮታቫይረስ ተመሳሳዩ እስከ 2017 ድረስ ጠብቋል።

ከዚያ የመጣው ሐሳብ ቀላል ነው። ከአሥሩ ቁራጮች አንዱን አጉድለው፣ የጎደለውን ፕሮቲን በሚያቀርብ ልዩ ሕዋስ ውስጥ ቫይረሱን ያመርቱታል። ፈረስ ውስጥ ሲገባ ሕዋስ ይይዛል፣ ጥቂት ፕሮቲን ያሠራል፣ ከዚያ ይቆማል፤ የጎደለውን የሚሰጠው የለምና ዘር መተካት አይችልም። በደም ውስጥ ስለማይራባ ትንኝ አታነሳውም፣ ከሌላ ቫይረስ ጋር ተቀላቅሎ ወደ መንጋው የመመለስ ዕድሉም እጅግ ይጠብባል። የውጭ ፕሮቲኑን ብቻ እየቀየሩ ለዘጠኙም ዓይነት ማዘጋጀት ይቻላል። በ2017 የብዙ ዓይነቶች ድብልቅ የሆነ እንዲህ ያለ ክትባት በፈረሶች ላይ ተሞክሮ ከበሽታው እንደጠበቃቸው ታትሟል። ወደ መስክ እስኪደርስ ድረስ የቢሾፍቱው ክትባት፣ የጋጣ መዝጊያና ፍግን ከፈረስ ማደሪያ ማራቅ የሚሠሩ መከላከያዎች ናቸው፤ ፈረሱ ሳይመሽ ጋጣ ቢገባና ደጁ በቀጭን መረብ ቢሸፈን ትንኝዋ የምትነክስበት ሰዓት ያልፋል።